ከመባ አስቀድሞ ዕርቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ በዓለ ኢዮቤልዩ ስለ ዕርቅ ጥቂት ቃል እንድናገር ታዝዣለሁ። በኦሪት ሕግ ኢዮቤልዩ በየ50 ዓመቱ የተሸጠው ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፥ ለባርነት የተሸጠውም ወንድም ነጻ የሚወጣበት ዘመን ነበረና፤ ለበዓሉ ከዕርቅ ይልቅ የሚስማማ ነገር የለም።

የባቲን የሰኞ ገበያ ሁላችን እናውቃለን። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን እየነዳ ከቆላ ይወጣል፤ ኦሮሞውና አማራው እህሉን ጭኖ ከደጋ ይወርዳል። ሰው በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ስለ ዋጋ፥ ስለ ድንበር፥ ስለ ግጦሽና ስለ ውሃ ጠብ አይታጣም። የአብርሃምና የሎጥ እረኞች በግጦሽ በተጣሉ ጊዜ፥ ታላቁ አብርሃም ምርጫውን ለታናሹ ለቀቀለት፤ ከዚህም ዕርቅ ጉልበት ካለው ሰው እንዲጀምር እንማራለን።

በወሎ አባጋር የሚባሉ ሽማግሎች፥ ክርስቲያኑም እስላሙም ባንድነት ተቀምጠው ደም ያደርቃሉ። መንግሥትም በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ኋላም በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1237 ለዕርቅ ሥርዓት ሠርቶለታል።

ነገር ግን የራሴን በደል ልናገር። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ቤት ተጣልተው ወደኔ በመጡ ጊዜ፥ ፋሲካ ሳይደርስ ላስታርቃቸው ቸኰልሁ። ታላቁን ብዙ ሰማሁ፤ ታናሹን ግን «ለእግዚአብሔር ብለህ ተወው» አልሁት። ተሳሳሙ፤ በላን፤ ጠጣን። ዓመት ሳይሞላ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ፤ ታናሹም ከቤተ ክርስቲያን ራቀ። ኋላ ከቤቱ ሄጄ ይቅርታ ብጠይቀው «የኔታ፥ ያን ቀን እኮ የኔን በደል የጠየቀኝ የለም» አለኝ።

ዕርቅና ዕርቃን በፊደል ይቀራረባሉ፤ ለባለ ቅኔም ምስጢር አለው። በደል ዕርቃኑን ሳይወጣ ዕርቅ አይጸናም።

ስለዚህ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን እኩል ይስማ፤ ከማንም እጅ መንሻ አይቀበል፤ የተበደለው ካሣውን ያግኝ፤ የተስማሙበትም ነገር ተጽፎ ይፈረም። ሽማግሌ ደም ቢያደርቅም፥ በወንጀል መፍረድ የዳኛ ነውና በዕርቅ ስም ግፍ አይሸፈን።

ጌታችን መባ ይዞ የመጣ ሰው ከመሠዊያው ፊት ትቶት፥ አስቀድሞ ከወንድሙ እንዲታረቅ አዝዟል። ዛሬ በዚህ ደብር ብዙ መባ ቀርቧል። ከመካከላችን የተቀያየመ ቢኖር፥ ጸበል ጻዲቁን ሳይቀምስ ባላጋራውን ይፈልገው። እኔም ያንን ታናሽ ወንድም ከበዓሉ እንዲመጣ ለምኜዋለሁ፤ መጥቶ ከኋላ ቆሟል፤ የታላቁ ወንድሙም ቦታ ከአጠገቡ ባዶ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።