ያላጠፋ ለምን ይዘጋበታል?



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ነጋዴው ግን ያውቀዋል። ለውጭ አገር ደንበኛው የዋጋ ዝርዝርና የድረ ገጹን አድራሻ ይልካል፤ መልስ የለም። ኋላ ሲጣራ ደብዳቤው «አይፈለጌ መልእክት» ተብሎ ተጥሏል።

የኢሜይል አገልጋዮች የላኪውን የኢንተርኔት ቁጥርና በደብዳቤው ውስጥ ያለውን የድረ ገጽ አድራሻ እንደ ስፓምሃውስ ባሉ የውጭ ድርጅቶች ከሚዘጋጅ ጥቁር መዝገብ ጋር ያመሳክራሉ። መዝገቡ ከአጭበርባሪ ይጠብቀናልና አንቃወመውም። ነገር ግን ብዙ ደንበኞች አንድ ቁጥር፣ ብዙ ድረ ገጾችም አንድ አገልጋይ ይጋራሉ። በቫይረስ የተበከለ አንድ ኮምፒውተር የሁሉንም ስም ያጠፋል። ቁጥሩን ለማሰረዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከት ያለበት የቁጥሩ ባለቤት፣ ማለትም አገልግሎት ሰጪው ነው። ደንበኛው ማንን ይጠይቅ?

መንግሥት ራሱ መዝገብ ሲይዝማ የባሰ ነው። በግንቦት 1998 ዓ.ም. ተቺዎችን ዝም ለማሰኘት ብሎግስፖት በሙሉ ሲዘጋ፣ ፖለቲካ ነክቶ የማያውቀውም አብሮ ተዘጋ። ለዓመታት «የዘጋነው የለም» ሲባል ኖሮ፣ በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾች መከፈታቸው ተነገረን። ያልተዘጋ እንዴት ይከፈታል?

ከመረጣችሁን ኢትዮ ቴሌኮምም ሆነ ሳፋሪኮም፣ ደንበኛ አቤት ሲል በ3 የሥራ ቀናት ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲገልጹና የማሰረዣ ማመልከቻውን ራሳቸው እንዲያቀርቡ በሕግ እናስገድዳለን። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ድረ ገጽ አይዘጋም። በትእዛዝ የተዘጋውም ዝርዝሩ በየወሩ በጋዜጣ ይወጣል።