ስለ ይቅርታና ስለ መጠበቂያው ዘመን



ከደብረ ታቦር ማረሚያ ቤት፥ በቀድሞው አጠራር ከወኅኒ፥ ተፈትቶ ወደ ጉና ግርጌ የሚመለስ ሰው፥ አገሩ ፋርጣም ቢሆን ጋይንትም ቢሆን እስቴም ቢሆን፥ እስራቱን ጨረሰ ይባላል እንጂ ቅጣቱን ሁሉ ጨረሰ አይባልም። ስሙ በወንጀል መዝገብ ተጽፎ ይኖራልና፥ ሥራ በፈለገ ጊዜ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚያስረዳ ወረቀት አምጣ ይሉታል። ዳኛው ከእስራቱ በላይ መብቱን የሻረበትም እንደ ሆነ፥ ለመምረጥና ለመመረጥ፥ የመንግሥት ሹመት ለመያዝ፥ በውል ላይ ምስክር ወይም ዋስ ለመሆን አይችልም። የከተማ ሰው ምናልባት ከእነዚህ መካከል ሹመቱ ይቈጨው ይሆናል። ለደጋ ገበሬ ግን ዋስ አለመሆን ከሁሉ ይከብዳል። ወንድሙ በሬ በዱቤ ሲገዛ፥ ያጎቱ ልጅ ለማዳበሪያ ሲበደር፥ «ዋስ ጥራ» በተባለ ጊዜ ከዘመድ መካከል እርሱ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል።

ይህ ሸክም የሚወርድበት መንገድ በሕግ ተወስኖአል። መንገዱም ሦስት ነው፤ ስማቸው ስለሚቀራረብ ሰው አንዱን ከሌላው ያደባልቃል። ምሕረት ማለት መንግሥት በአዋጅ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚያደርገው ነው፤ እንዲህ ያለው አዋጅ በ2010 ዓ.ም. ወጥቶ፥ ምሕረት ፈላጊዎች በስድስት ወር ውስጥ እንዲቀርቡ አዝዞ ነበር። ይቅርታ ግን ፍርዱ የመጨረሻ ከሆነ በኋላ፥ የተፈረደበት ሰው ራሱ ወይም የትዳር ጓደኛው ወይም የቅርብ ዘመዱ አመልክቶ የሚያገኘው ነው። ሦስተኛው መሰየም ይባላል፤ ይኸውም ቅጣቱን የፈጸመው ሰው ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት፥ የተሻረ መብቱም እንዲመለስለት ፍርድ ቤትን የሚለምንበት ነው።

በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ይቅር ማለት፥ ቅጣት ማቅለልና የተሻረውን መመለስ የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን ነበር። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ወዲህ ግን ይቅርታን በሕግ በተወሰነው ሥርዓት የሚሰጠው የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ነው፤ በክልል ፍርድ ቤት ለተፈረደበት ደግሞ ክልሉ ነው። የሰውን ዘር ለማጥፋት፥ ያለ ፍርድ ለመግደል፥ ሰውን ለመሰወርና ለማሠቃየት ወንጀል ይቅርታም ምሕረትም እንዳይደረግ ይኸው ሕገ መንግሥት ከልክሎአል።

የዘመን ነገር የሚመጣው በመሰየም ላይ ነው። በ1996 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀል ሕግ፥ ጽኑ እስራት የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ 5 ዓመት፥ በሌላ ቅጣት የተቀጣ ደግሞ 2 ዓመት ሳይቈይ እንዳይሰየም ያዝዛል። በዚህም ዘመን ውስጥ መልካም ጠባይ ማሳየት፥ ዳግመኛ በወንጀል አለመታሰር፥ የበደለውንም ሰው ጉዳት እንደ ዐቅሙ መካስ ይገባዋል።

ዘመኑ በከንቱ አልተቀመጠም። የጉና ሰው ምክንያቱን ከሕጉ በፊት ያውቀዋል። በወሰን ጠብ ሰው የሞተ እንደ ሆነ፥ ገዳዩ ወዲያው «ይቅር በሉኝ» ብሎ በሟች ደጃፍ ቢቆም ሌላ ደም ይፈሳል እንጂ እርቅ አይሆንም። ስለዚህ በዳዩ ከአገር ገለል ይላል። ደም አድራቂ ሽማግሎች ከካህናት ጋር መስቀል አስይዘው ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ፤ «አንሰማም» ተብለው ይመለሳሉ፤ ደግሞ ይሄዳሉ። ቍጣው ሲበርድ የካሣው ነገር ይቈረጣል። በዳዩ በዐንገቱ ድንጋይ ተሸክሞ የሚቀርበው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሟች እናት ልቅሶዋን ሳትጨርስ የተደረገ እርቅ ከአፍ እንደማያልፍ ሽማግሎቹ ያውቃሉና አይቸኩሉም። የሕጉም 5 ዓመት እንዲሁ ነው፤ ለተበደለው ቍጣ መብረጃ፥ ለበዳዩም ጸጸት መፈተኛ ይሆናል።

ነገር ግን ዘመን ብቻ የተቈጠረ እንደ ሆነ ሁለት የማይመሳሰሉ ሰዎች እኩል ይሆናሉ። አንዱ ከእስራት ወጥቶ አምስቱን ዓመት በጠላ ቤት ጥግ ተቀምጦ ያሳለፈ ነው እንበል፤ አልሰረቀም፥ አልደበደበም፥ በጎ ነገርም አልሠራም። ሁለተኛው በወጣ በዓመቱ ካሣውን ከፍሎ ከተበደለው ቤተ ሰብ ጋር ታረቀ፤ በክረምትም ወንዝ ሞልቶ የጎረቤቱን ልጅ በወሰደ ጊዜ ለነፍሱ ሳይሳሳ ገብቶ አወጣው። የፊተኛው ዘመኑ ሲሞላ ይሰየማል፤ የኋለኛው ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። በዚያ አራት ዓመት ውስጥ ለትምህርት ቤት ዘበኝነት ቢመረጥ መዝገቡ ይመልሰዋል፤ ሕዝቡ ለሸንጎ ቢፈልገው የተሻረ መብቱ ያግደዋል። ልጁን ያወጣለት ጎረቤት እንኳ ዋስ ሊያደርገው አይችልም። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቀሪው ዘመን ጸጸትን መፈተኑ ቀርቶ፥ ዳኛው ያልቈረጠው ሌላ ቅጣት ይሆናል።

ሕግ አውጪዎች ይህን ስላዩ በሩን ፈጽመው አልዘጉትም። ያው የወንጀል ሕግ፥ የተፈረደበት ሰው በሲቪል ኑሮ ወይም በውትድርና እጅግ የሚያስመሰግን ሥራ የሠራ እንደ ሆነ፥ ዘመኑ ሳይሞላ ፍርድ ቤት ሊሰይመው እንዲችል ፈቅዶአል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ባላገር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ሊጠቀሙበት የሚገባቸው ብዙዎች ሳይጠይቁ ይቀራሉ።

የተቈረጠ ዘመንን በበጎ ሥራ ማሳጠር ለቤተ ክህነት ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት፥ ስለ እምነታቸው ወታደርነትን ትተው ኋላ ወደዚያው የተመለሱ ሰዎች 3 ዓመት ከሰሚዎች ጋር፥ 10 ዓመት ከሰጋጆች ጋር እንዲቈዩ ወስነው ነበር። ነገር ግን ንስሓቸውን በዕንባና በትዕግሥት፥ በበጎ ሥራም የገለጡት፥ የሰሚነቱን ዘመን ከፈጸሙ በኋላ ኤጲስ ቆጶሱ በቀረው እንዲራራላቸው ፈቀዱ። ነገሩን አቃልለው ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባታችን ብቻ ይበቃል ያሉት ግን ዘመኑን ሁሉ እንዲፈጽሙ አዘዙ። ከ1600 ዓመት በላይ ያለፈው ይህ ቀኖና ሁለቱን ሰዎች፥ የጠላ ቤቱንና የወንዙን፥ አስቀድሞ ለይቶአቸዋል።

መንግሥትም ዘመንን ከሥራ በቀር በሌላ ምክንያት የሚተውበት ጊዜ አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ በሽታው በጠባብ ቤት በታጐሩት ላይ እንዳይዛመት ተብሎ፥ ፕሬዚዳንት ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ከ4,000 ለሚበልጡ እስረኞች ይቅርታ ሰጡ። ከእነርሱም መካከል በቀላል ወንጀል እስከ 3 ዓመት የተፈረደባቸውና ሊፈቱ ጥቂት ጊዜ የቀራቸው ነበሩ። በደኅናው ቀን እስረኛ ከእስራቱ ከሦስት እጅ ሁለቱን ሳይፈጽም በአመክሮ አይፈታም። መቅሠፍት ሲመጣ ግን መንግሥት ቀን ቈጠራውን ትቶ በይቅርታ ፈታቸው።

በካናዳም በ2011 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት ሕግ ወጥቶአል። ካናቢስ የተባለውን ዕፅ ይዘው በመገኘታቸው ብቻ የተቀጡ ሰዎች፥ ሌላው አመልካች የሚጠብቀውን 5 ወይም 10 ዓመት ሳይጠብቁ፥ በዚያን ጊዜ የነበረውንም የማመልከቻ ክፍያ 631 ዶላር ሳይከፍሉ መዝገባቸው እንዲዘጋላቸው ለማመልከት ተፈቀደላቸው። እዚያ ዘመኑን ያስቀረው የሰዎቹ በጎ ሥራ አይደለም፤ ዕፁ አስቀድሞ በሕግ ስለ ተፈቀደ ነው። ያም ሆኖ ማመልከቻ ከመጻፍ አልዳኑም።

ዘመን ይቅር የሚለው ነገር አደጋም አለበት፤ ይህን መሸፈን አይገባም። ዓመት ለባለጠጋም ለድኻም እኩል ይቈጠራል። «የሚያስመሰግን ሥራ» የሚለው ቃል ግን ጠበቃ ባለው ሰው ወረቀት ላይ ያምራል፥ ፊደል በማያውቀው ድኻ አፍ ላይ ይደበዝዛል። ድግስ በልቶ የሚመሰክር ሽማግሌም በየአገሩ አይታጣም፤ ይህን የማያውቅ የቀበሌ ጸሓፊ ካለ አዲስ ተቀጣሪ መሆን አለበት። ስለዚህ ሥራው በጎረቤት ፊት የተሠራ፥ ጎረቤትም በስሙ ቀርቦ የሚመሰክርለት ሊሆን ይገባል። የተበደለው ወገን ሳይጠየቅ ዘመን ቢታለፍ ደግሞ ሽማግሎች በመስቀል ያበረዱት ቍጣ እንደገና ይነሣል፤ ወኅኒ የገባው ሰው በፍርድ ቤት ሲሰየም እነርሱ በገበያ ወሬ ሊሰሙ አይገባምና። ካሣ ሳይከፈል የሚቀርብ ማመልከቻ የወንዙን ልጅ ቢያነሣም ጎዶሎ ነው። የተበደለው ሰው ተጠይቆ እንቢ ቢል ግን ነገሩ በዚያ አያልቅም፤ መጨረሻውን የሚቈርጠው ዳኛው ነው፥ የቈረጠበትንም ምክንያት በጽሑፍ ማስፈር ይገባዋል።

ማመልከቻ የሚያቀርብ ሰው የፍርዱን ግልባጭ፥ ቅጣቱን የፈጸመበትን ወረቀት፥ ካሣ የከፈለበትን ደረሰኝ ወይም የእርቁን ውል ይያዝ። ዘመኑ ሳይሞላ መሰየም የሚሻም፥ ምን እንደ ሠራ፥ መቼና የት እንደ ሠራ፥ ማን እንዳየው በአጭር ቃል ያስጽፍ፤ የምስጋና ብዛት ለዳኛ አይጠቅመውም፥ ቀኑና ቦታው ይጠቅመዋል። አባት ፊደል ባያውቅ፥ በዚህ ትምህርት ቤት የተማረ ልጁ ሊጽፍለት ይችላል።

ፍርድ ቤቱ የሰየመው እንደ ሆነ ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቈጠራል። ከዚያ በኋላ በክፋት ተነሣሥቶ በሰርግ ወይም በገበያ መካከል «አንተ ወኅኒ የኖርህ አይደለህምን?» ብሎ የነቀፈው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «የተናገርሁት እውነት ነው» ማለቱም አያድነውም።