የኮርኒያ ቁስልና የመድኃኒት መላመድ፤ በፎገራ ሜዳ ምሳሌነት
(ለማኅበሩ አባላት ከተሰጠ ንግግር)



ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት እየሞሉ ደለል የሚያለብሱት አገር ነው። ቀድሞ በከብቱ ብቻ ይታወቅ የነበረው ይህ ሜዳ ዛሬ በሩዝ ምርቱ ስሙ ይነሣል። የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ጎንበስ ብሎ ማሳውን ሲያርም፣ ኋላም ሲያጭድና ሲወቃ፣ ቅጠሉ ወይም እብቁ ዓይኑን ሊጭረው ይችላል። ጭረቱ ኢምንት ነው፤ መዘዙ ግን እስከ ዕውርነት ይደርሳል።

ኮርኒያ የደም ሥር የሌለበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የዓይን መስኮት ነው። የላይኛው ሽፋኑ ካልተላጠ አብዛኞቹን ተሕዋስያን አያስገባም። ከተጫረ ግን ኒሞኮከስ፣ ስታፊሎኮከስና ሱዶሞናስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይገቡበታል። ጭረቱ ከዕፀዋት የመጣ ሲሆን ደግሞ ፉዛርየምና አስፐርጂለስ የተባሉትን ፈንገሶች መጠርጠር ይገባል።

በዚህ አገር ሌላም የመግቢያ በር አለ፤ ይኸውም ትራኮማ ነው። ተደጋግሞ የያዘ ትራኮማ የዓይንን ቆብ ወደ ውስጥ ስለሚያጥፈው ፀጉሩ ኮርኒያን ቀንና ሌሊት ይፍቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል።

ይህን መቅሠፍት ለመግታት አዚትሮማይሲን ለሕዝብ በጅምላ ታደለ። ጥቅሙ አያጠያይቅም። በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በተደረገው ጥናት መድኃኒቱ በታደለባቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሶ ታይቷል። ሆኖም በዚያው ወረዳ መድኃኒቱን በዓመት 4 ጊዜ በወሰዱት ሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ ኒሞኮከስ የሚገኝባቸው ከ3.6 በመቶ ወደ 46.9 በመቶ ከፍ አሉ። ባልወሰዱት መንደሮች በዚያው ጊዜ 9.2 በመቶ ነበር። ሥርጭቱ በቆመባቸው ሌሎች የኢትዮጵያ መንደሮች ግን የተላማጆቹ መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ ሄዷል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት መድኃኒቱን መንፈግ አይደለም፤ ዋጋውን ዐውቆ መስጠት ነው። ኒሞኮከስ የሳምባ ብቻ ሳይሆን የኮርኒያም ጠላት ነውና። ጅምላው ሥርጭት በጥናትና በቁጥጥር ሥር ይካሄዳል፤ ጉዳቱም ይለካል። ማንም ሳይለካው የሚቀረው በየገበያው ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ቅባትና ጠብታ ነው። ቁስሉ የፈንገስ ከሆነ ፀረ ባክቴሪያው አይፈውሰውም፤ ጊዜ ያባክናል እንጂ። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታማ ቅላቱን ለጊዜው አስታግሦ ሕመምተኛውን ያታልላል፤ ፈንገሱ ግን በዚያው ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ስለዚህ የቁስሉን መንስኤ ማወቅ ከሕክምናው መቅደም ይኖርበታል። ይህም ከአቅም በላይ አይደለም። የወባ ተሕዋስያን የሚታይበት ማይክሮስኮፕ ባለበት ሁሉ፣ የሠለጠነ ባለሙያ ከቁስሉ የፋቀው ናሙና በግራም ቀለምና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተዘጋጅቶ ሊመረመር ይችላል። የፈንገስ ክር ከታየ ናታማይሲን ያስፈልጋል። ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ በየመድኃኒት ቤቱ እንዲገኝ መጠየቅ ግን የባለሙያው ድርሻ ነው። ናሙና መውሰድ ካልተቻለ ፀረ ባክቴሪያ ጠብታ ተሰጥቶ፣ ስቴሮይድ ተከልክሎ፣ ዓይኑም ሳይታሰር፣ ሕመምተኛው በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም ይላክ።

የፀጉር መቀልበስ ያለበትም ሰው ኮርኒያው ሳይቆስል በቀዶ ሕክምና ይረዳ። ፊትን መታጠብ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ቤትም ችላ አይባሉ፤ ተሕዋስያን ሊላመዷቸው የማይችሉ መከላከያዎች እነዚህ ናቸውና። ኮርኒያ አንድ ጊዜ በጠባሳ ከደፈነ በኋላ ብርሃኑን በአብዛኛው የሚመልስለት ከሌላ ሰው የተገኘ ኮርኒያ ነው፤ ይህም ለጥቂቶች እንጂ ለሁሉ አይደርስም። ለቁሐር ሚካኤሉ ገበሬ ዓይኑን የሚያተርፍለት በመጀመሪያው ቀን የሚያገኘው ትክክለኛ ምርመራ ነው።