የጓሮው በር ይከፈት
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጽሕፈት ቤቱ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ሽብርተኞች በሆቴልና በመሰብሰቢያ አዳራሽ ላይ ስለሚያደርሱት አደጋ ነው። «ይህ ለባለ ሆቴሎች ይነገር እንጂ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ሰርጋችንን የምንደግሰው በአዳራሽ ነው። ልጆቻችንም በሆቴል በአስተናጋጅነት፣ በወጥ ቤትና በጥበቃ ይሠራሉ። ስለዚህ ያገባናል።

ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1988 ዓ.ም. በዚሁ በአዲስ አበባችን በጊዮን ሆቴልና በዋቢ ሸበሌ ሆቴል ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቷል። ጥቅምት 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ሦስት ሆቴሎች በአንድ ምሽት ተመቱ። በአንደኛው ሰርግ ነበር፤ ፈንጂ የታጠቀው ሰው ከሰርገኛው ጋር ተቀላቅሎ ገባ። የሙሽራውም የሙሽሪትም አባት ሞቱ።

በ2001 ዓ.ም. በፓኪስታን ኢስላማባድ ማሪዮት ሆቴል ፈንጂ የጫነ መኪና በውጭው በር ላይ ታገደ። ሕንፃው ሥር ሳይደርስ ቢፈነዳም ከ50 በላይ ሰው ገደለ፤ ሆቴሉም ተቃጠለ። እንግዲህ መኪና የሚፈተሸው ከሕንፃው ርቆ መሆን አለበት ማለት ነው።

በጎረቤታችን በኬንያም ጥር 7 ቀን 2011 ዓ.ም. ናይሮቢ በሚገኘው ዱሲት ሆቴል ግቢ ላይ በደረሰው ጥቃት 21 ሰዎች ሞተዋል። ሆኖም ከ700 በላይ ሰዎች ከግቢው እንዲወጡ ተደርጓል። መውጫ ያገኘ ይተርፋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው ጥር የአንድ አባላችን ልጅ ሰርግ ላይ ሄደን፣ የአዳራሹን የጓሮ በር በሰንሰለት ተቆልፎ፣ የቢራ ሣጥን ተደርድሮበት አገኘነው። ለምን ብንል «ያልተጠራ ሰው እንዳይገባ ነው» አሉን። ቁልፉስ ብንል «አለቃው ጋ ነው፤ እሱም ወጥቷል» ተባልን። እኛም ዝም ብለን በላን፣ ጨፈርን። ጥፋቱ የእኛም ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን እናሳስባለን፦

1ኛ/ አዳራሽ የሚከራይ አባል ቀብድ ከመክፈሉ በፊት መውጫ በሮችን በዓይኑ ይይ፤ ቁልፍ ያዡም በድግሱ ሰዓት ከቦታው እንዳይለይ ይዋዋል።

2ኛ/ በሆቴል የምትሠሩ፣ እንግዳውን በየት በር እንደምታስወጡ፣ የወጥ ቤቱን ጋዝ ማን እንደሚዘጋ አሠሪያችሁን ጠይቁ። ዘበኛው ብቻ ሳይሆን ዕቃ አጣቢዋም ልታውቅ ይገባል።

3ኛ/ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ወይም ፌስታል ስታዩ አትንኩ፤ ሰው አርቁና ተናገሩ። ፖሊስ 991፣ እሳትና አደጋ 939 ነው።

4ኛ/ ፍንዳታ ከተሰማ ለማየት አትሩጡ። ሁለተኛ ሊከተል ይችላል።

5ኛ/ ፍተሻ ሲደረግ «እኔን አታውቀኝም?» እያልን ዘበኛውን አናሳፍር። ጥርጣሬም በሥራ ላይ እንጂ በሰው መልክ፣ በቋንቋው ወይም በሃይማኖቱ አይሁን። ጎረቤትን ያለ ምክንያት ማስጨነቅ ጥበቃ አይባልም።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለሚመጣው የሰርግ ወር ከወዲሁ እንዘጋጅ። የአካባቢያችንን አዳራሾች ዞሮ የሚያይና ባለቤቶቹን የሚያነጋግር አምስት ሰው ዛሬ እንድትመርጡልን እንጠይቃለን።



የማኅበሩ ጸሐፊ