ካርቦንና ብረት ሲጋጠሙ



የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 አውሮፕላን ከአካሉ ክብደት ግማሽ ያህሉ በአመዛኙ በካርቦን ክር የጠነከረ ፕላስቲክ ነው። ይህ ፕላስቲክ ከብረታ ብረት ጋር በምን ይጋጠማል? በብሎን ማጥበቅ ይበቃል ብለን ነበር፤ ተሳስተናል።

የጽሕፈት እርሳስን ጥቁር እምብርትና የአሉሚኒየም ቁራጭን በሽቦ አያይዘን ጨው ውሃ ውስጥ ነከርናቸው። ከቀናት በኋላ አሉሚኒየሙ ተበሳሳ፤ እርሳሱ ግን ምንም አልሆነም። ካርቦንና አሉሚኒየም እርጥበት ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉና አሉሚኒየሙ ይበላል። ስለዚህ መሐንዲሶች በመካከላቸው የመስታወት ክር ንጣፍ ያስገባሉ፤ ወይም በዚህ የማይበላውን ታይታኒየም ይመርጣሉ።

ለብሎን ሲበሳም ክሩ ይቆረጣል። ሙጫ ክር አይቆርጥም፤ ነገር ግን ከውስጥ ሲላቀቅ በዓይን አይታይም፤ እኛን ይበልጥ ያሳሰበን ይኸኛው ነው።

የተበሳሳው ቁራጭ በላቦራቶሪው ጠረጴዛ ላይ ስላለ፣ ስትወጡ እንድትመለከቱት በአክብሮት እንጋብዛለን።