የመሀል ከተማው ነጋዴና የካሳ ጥያቄ

(የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ለአራዳና ለቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ እንድናገር የተመደብኩት በምርጫ ማኒፌስቷችን ውስጥ «የከተማ መሬትና ንግድ» በሚለው ክፍል ላይ ነው። ክፍሉ አጭር ነው። የተጻፈው በአንቀጽና በንዑስ አንቀጽ ስለሆነ ሱቁ ለተዘጋበት ሰው ምን እንደሚል በግልጽ አማርኛ ማስረዳት የእኔ ድርሻ ሆኗል።

አስቀድመን የማንቃወመውን እንናገር፤ ምክንያቱም ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ «ፀረ ልማት ናቸው» መባላችን አይቀርም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ለዓድዋ ድል መታሰቢያ በዋና ከተማችን እምብርት መቆሙን የሚጠላ ኢትዮጵያዊ የለም። ቦታው በቆርቆሮ ታጥሮ ለብዙ ዓመታት ያለ ሥራ ተቀምጦ እንደነበረም ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የመንገድ መብራት፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መልካም ነገሮች ናቸው። አሥር አባወራ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀም የነበረበትን ግቢ «ቅርስ ነው አትንኩት» የሚል ሰው እዚያ ግቢ ያልኖረ ሰው ነው።

ጥያቄያችን ሌላ ነው። ከዚያው ዓመት ከመጋቢት ወር ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስም ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ ዳርና ዶሮ ማነቂያን የመሰሉ ሰፈሮች ፈረሱ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ቁርስ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ፎቶ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ሰዓት ሠሪው አብረው ተነሡ። እነዚህ ሰዎች በሕግ ፊት ምን ነበሩ? ምን ነበራቸው? ምንስ ተወሰደባቸው? የምንጠይቀው ይህን ነው።

«ሰፈሩ ያረጀና የተጎሳቆለ ነበር» የሚለውን መልስ ሁሌ እንሰማለን። እውነት ነው፣ ተጎሳቁሎ ነበር። ግን የበሰበሰው ጣሪያ ባለቤት ማን ነበር? በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ባለቤቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ አያድስም፤ ቤቱ የእርሱ አይደለምና። ተከራዩም አያድስም፤ ያለ ፈቃድ ግድግዳ መንካት ያስጠይቀዋል፣ ፈቃድም በቀላሉ አይገኝም። ቀበሌው ደግሞ በሚሰበስበው ኪራይ ቆርቆሮ እንኳ ሊቀይር አይችልም፣ አልቀየረምም። እንዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ጣሪያውን ያበሰበሰው ሕግ ነው፤ በመጨረሻም ያው የቤቱ ባለቤት መንግሥት መጥቶ «ይህ ቤት የከተማዋን ገጽታ ያበላሻል» ብሎ አፈረሰው። በፍትሐ ብሔር ችሎት እንዲህ ያለ ባለንብረት ቢቀርብ ዳኛው ምን ይለው እንደነበር መገመት አያዳግትም።

የመሀል ከተማው ዕድል በባለሥልጣን ትእዛዝ ሲገለባበጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የአዲስ አበባ ዋና ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን አውሮፓውያንንና «የአገሬውን ሰው» ለመለየት ባወጣው ፕላን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው የዚያ ውጤት ነው። ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ከነጻነት በኋላ ግን ሕዝቡ የራሱ አደረገው። ወርቅ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ መጻሕፍት ቤቱ ጎን ለጎን ቆመው አንዱ የሌላውን ደንበኛ እየተቀባበሉ ኖሩ። ከ1990ዎቹ ወዲህ በቦሌ መንገድ ትልልቅ የገበያ ሕንፃዎች ሲነሡ ገንዘብ ያለው ደንበኛ ወደዚያ ሄደ፤ ፒያሳም ተቀዛቀዘ። ይህ የገበያ ሥራ ነው፣ በዚህ መንግሥትን አንከስም። ነጋዴ በውድድር ሲሸነፍ ሌላ መላ ይፈልጋል። በግሬደር ሲሸነፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ እናስብ። በአንዲት ጠባብ የቀበሌ ንግድ ቤት ሃያ ዓመት ሠርቷል። ንብረቱ ምንድን ነው? የስፌት መኪናው፣ መተኮሻው፣ መቀሱ፣ ወንበሩ። ይህ ሁሉ በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ገማቹ መጥቶ ሲያይ «ቤቱ የመንግሥት ነው፣ ዕቃህን ይዘህ ትሄዳለህ፣ የጠፋብህ ነገር የለም» ይለዋል። ቀለበት ለመግዛት ወርቅ ቤት የመጣ ሙሽራ ግን ሱፉን የሚያሰፋው እዚያው ነበር። በአራት ኪሎና በማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ ያለው የቢሮ ሠራተኛ ሱሪውን የሚያሳጥረው በምሳ ሰዓቱ ነበር። ጨርቅ ሻጩ ስሙን አውቆ በዱቤ ይሰጠው ነበር። የሰፈሩ ዕቁብ በየሳምንቱ ይሰበሰብ ነበርና ልጁ ኮሌጅ ስትገባ ቀድሞ እንዲወጣለት አደረጉ። አሁን ይህ ሰው ገላን ጉራ ወይም ቦሌ አራብሳ ሄዷል። መኪናው አብሮት አለ። ሙሽራው፣ የቢሮ ሠራተኛው፣ ጨርቅ ሻጩና ዕቁቡ ግን በየአቅጣጫው ተበትነዋል። ሱቁ ተዛወረ ይባላል፤ በእውነቱ ግን የተዛወረው የስፌት መኪናው ብቻ ነው።

ይህን የምለው ለማሳዘን አይደለም። የሀገራችን ሕግ ራሱ ይህንኑ ይላልና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» የሚባለው ግድግዳና ጣሪያ እንዳልሆነ፣ ግዙፍነት የሌለው ተንቀሳቃሽ ሀብት እንደሆነ፣ ዋናው ክፍሉም በደንበኞች ላይ የተመሠረተው መልካም ዝና እንደሆነ ደንግጓል። በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ የንግድ ሕግም ጽንሰ ሐሳቡን አልተወውም። የንግድ መደብር ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ለባንክ መያዣ ይሆናል። ሊሸጥና ሊያዝ የሚችል ነገር ንብረት ነው። ንብረት ከሆነ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ይጠብቀዋል፦ መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረትን መውሰድ የሚችለው ተመጣጣኝ ካሳ አስቀድሞ ሲከፍል ነው። «አስቀድሞ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ እንዲሉ፣ ካሳ ከፈረሱ በኋላ በየቢሮው ደጅ የሚጠናበት ነገር አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከቀድሞው የ1997ቱ አዋጅ የተሻለ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። የኢኮኖሚ ጉዳት ካሳን፣ የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥና የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳን በስም ጠርቷል። ቅሬታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋም አዟል። ሲወጣ ተነሺዎች ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲመከሩ ይል ነበር፤ ግን ለ«አስቸኳይ» ልማት በር ከፍቷል። በዚያች በር ስንት ሺህ ሰው እንደወጣ አይታችኋል። በቀናት ማስጠንቀቂያ የሚፈርስ ሰፈር ውስጥ ቅሬታ ሰሚ መኖሩ ምን ይጠቅማል? ቅሬታው ሲሰማ ማስረጃው ፍርስራሽ ሆኗል።

«የደንበኛን ብዛት፣ የሱቅን ዝና በምን እንለካለን? ይህ የማይጨበጥ ነው» የሚሉ የመንግሥት ባለሙያዎች አሉ። ክርክሩን በአክብሮት ሰምቼዋለሁ። ሆኖም በ2009 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። ያን ጊዜ ደረጃ «ሐ» ይባሉ በነበሩት አነስተኛ ነጋዴዎች ላይ አማካይ የቀን ገቢ ግምት ተጣለ። ገማቾች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ምን እንደሚሸጥ ጠየቁ፤ በቀን ይህን ያህል ታስገባለህ ብለው ወሰኑ። ነጋዴው በዝቷል ብሎ ጮኸ፤ በየከተማው ሱቅ ተዘጋ። እንግዲህ ግብር ሲጠየቅ የልብስ ሰፊው የቀን ገቢ እስከ ሳንቲሙ ይታወቃል፤ ሱቁ ሲፈርስ ያው ገቢ የማይጨበጥ ይሆናል። አንድ መንግሥት ሁለት ሚዛን ሊይዝ አይገባም። የግብር መዝገቡ ለመቀበል ከበቃ ለመክፈልም ይበቃል።

ከግለሰብ ተከራይቶ የሚነግደውም አልተረሳም። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ተከራይን ሊጠብቅ ወጣ፤ ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት እንዲሆን፣ አከራይ እንዳሻው እንዳይጨምር ደነገገ። የንግድ ቤት ተከራይ ግን በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ የሚውለው ሰው ማታ ለሚተኛባት ክፍል ዋስትና አለው፣ የቤተሰቡን እንጀራ ለሚያገኝባት ክፍል ግን የለውም። በየወሩ «ወይ ጨምር ወይ ልቀቅ» የሚባል ነጋዴ መደርደሪያ አይሠራም፣ ብድር አይወስድም፣ ሠራተኛ አይቀጥርም።

ታዲያ ፓርቲያችን ምን ያደርጋል?

የፈረሰውን ሰፈር እንደነበረ እንመልሳለን ብለን አንዋሽም። ዶሮ ማነቂያ አይመለስም። ሕዝቡ ከመረጠን ግን በመጀመሪያው የሥራ ዓመት የካሳ ሕጉ እንዲሻሻል እናደርጋለን፤ የንግድ መደብር በስሙ እንዲጠራ፣ በቀበሌ ቤትም ሆነ በግል ኪራይ የሚነግድ ሰው ለመልካም ዝናው ራሱን የቻለ ካሳ እንዲያገኝ፣ ገንዘቡም እጁ ሳይገባ ግድግዳው እንዳይነካ። «አስቸኳይ» የሚለው ቃል በአንድ ኃላፊ ፊርማ የሚሠራ መሆኑ ይቀራል። የከተማው ምክር ቤት በግልጽ ስብሰባ ድምፅ ሰጥቶበት ምክንያቱ በጽሑፍ ለሕዝብ ካልወጣ፣ የአንድ ዓመቱ ጊዜ አይነካም። ይግባኝ የቀረበበት ቤትም ይግባኙ ሳይወሰን አይፈርስም።

ሁለተኛው የመመለስ መብት ነው። በአንድ ቦታ ላይ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ የምድር ቤት ሱቆቹ ወደ ጨረታ ከመውጣታቸው በፊት እዚያ ለነገደው ሰው ይቀርባሉ፤ አቅሙ በሚፈቅደው የረጅም ጊዜ ክፍያ። በጋራ መኖሪያ ቤቶች የታየውን አትርሱ፤ መኖሪያው በዕጣ ሲታደል የንግድ ክፍሉ በጨረታ ተሸጠ። በጨረታ ልብስ ሰፊ አስመጪን አያሸንፍም። የሕንፃው ውበት ለሁላችንም ነው፤ ግን በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ሥር ቁልፍ የሚጠግንልህ፣ አምስት ሰዓት ላይ ፍርፍር የሚያበላህ ሰው ከሌለ እዚያ መንገድ ላይ ፎቶ ተነሥተህ ትሄዳለህ እንጂ አትገበያይም።

ገና ያልፈረሱት የቀበሌ የንግድ ቤቶችስ? በረጅም ዘመን የሊዝ ውል ለያዙት ሰዎች ይተላለፋሉ፤ የማደስ ግዴታም አብሮ ይመጣል። የራሱ የሆነን ጣሪያ የሚያፈስ ሆኖ የሚተው ነጋዴ እስካሁን አላየሁም። ለንግድ ቤት ተከራይም እንደ መኖሪያው ሁሉ የውል ዘመን ዝቅተኛ ወሰን እናወጣለን። ወሰኑ ምን ያህል ይሁን በሚለው ላይ በፓርቲያችን ውስጥ ገና እየተከራከርን ነው፤ አንዳንዶቻችን ሦስት፣ አንዳንዶቻችን አምስት ዓመት እንላለን። አከራዮችም የእኛው ወገኖች ናቸውና ሳናማክራቸው አንወስንም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» ትላላችሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዚያው ከመሬቱ ይመጣል። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መንግሥት የጸዳ ቦታ ለጨረታ ያወጣል፤ የመሀል ከተማ ካሬ ሜትርም በከፍተኛ ዋጋ ይሸጣል። ያ ቦታ ውድ የሆነው በማን ምክንያት ነው? መሬቱ ወርቅ ስለተቀበረበት አይደለም። ሰው እዚያ መሄድ ስለለመደ ነው፤ ሰውን ያስለመዱት ደግሞ በትውልድ ቅብብል ሱቃቸውን የከፈቱት ናቸው። ከሊዙ ሽያጭ የመጀመሪያው ድርሻ ለእነርሱ እንዲከፈል በሕግ እንደነግጋለን። ከዚያ የተረፈው ለመንገዱና ለመብራቱ ይሁን።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተነሡት ደግሞ የካሳ ውሳኔያቸውን እንደገና የሚመረምር፣ ዳኞችና የንግዱ ኅብረተሰብ ተወካዮች ያሉበት ጊዜያዊ ጉባኤ ይቋቋማል። ለዚህ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላልና ወረቀታችሁን ዛሬውኑ ሰብስቡ፤ የንግድ ፈቃድ፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የግብር ክሊራንስ፣ የተሰጣችሁ ማስጠንቀቂያ፣ የቤቱ ፎቶግራፍ።

አዳራሹ በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል። ጠበቆቻችን እዚያ ተቀምጠው ስማችሁን፣ ሱቃችሁ የነበረበትን ቦታና ስንት ዓመት እንደነገዳችሁ ይመዘግባሉ፤ የሰነዱን ቅጂ ብቻ ስጡ፣ ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ለእኛም ቢሆን። ፈቃዱ የጠፋበት ሰው የግብር ደረሰኙን ያምጣ። ደረሰኙም ከፍርስራሹ ጋር የሄደበት ሰው አጠገቡ ይነግዱ ከነበሩት ሁለት ጎረቤቶቹን ይዞ ይምጣ፤ ቃላቸውን ጽፈን እናስፈርማለን።