ስለ ልብስና ስለ ጫማ ምጽዋት
በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



እግዚአብሔር አምላካችን ይህችን ደብር በሰው አገር አጽንቶ ለኢዮቤልዩዋ ስላደረሳት ምስጋና ይግባው። ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው መለከት የሚነፋበት በዓል ብቻ አይደለም፤ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ የሚመለስበት፥ የተገዛም ሰው በነጻ ወደ ወገኑ የሚሄድበት ዓመት ነው። እንግዲህ በዓሉን በዝማሬና በማዕድ አክብረን የድኻውን ድርሻ በሣጥናችን ቈልፈን ብንይዝ ስሙን እንጂ ኢዮቤልዩውን አላደረግንም። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ወደ አገራችን ገጠር፥ ለስብከተ ወንጌል አገልግሎትና ለአብነት ትምህርት ቤቶች ስለሚላከው ልብስና ጫማ ጥቂት እንድናገር ስለ ታዘዝሁ በትሕትና እናገራለሁ።

በትንቢተ ኤርምያስ በምዕራፍ 38 ያለውን ታሪክ ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ነቢዩን ጠላቶቹ ውኃ ወደሌለበት፥ ጭቃ ወዳለበት ጕድጓድ በገመድ አወረዱት። ያወጣው የአገሩ ሰው አይደለም፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። አቤሜሌክ ከንጉሡ ቤት፥ ከግምጃ ቤቱ በታች ካለው ስፍራ፥ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ወስዶ አወረደለት፤ ከብብቱ በታች አድርጎ ገመዱን በላዩ እንዲያደርግም ነገረው። ንጉሡ 30 ሰዎች ሰጥቶት ነበርና ነቢዩን ለማውጣት ጕልበትም ገመድም አልጐደለውም። ጨርቁ ስለ ምን አስፈለገ ቢሉ፥ ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይልጠው ነው። ጨርቁ አሮጌ ነበር፤ የሰጪው አሳብ ግን አሮጌ አልነበረም። አስቀድሞ የተቀባዩን ገላ አሰበ፥ ከዚያ በኋላ ጨርቅ ፈለገ። ብዙዎቻችን ግን ነገሩን ገልብጠን እንሠራዋለን፤ አስቀድመን ከቤታችን ሊጣል ያለውን እንፈልጋለን፥ ከዚያ በኋላ የሚቀበለን ድኻ እንፈልግለታለን።

አሁን የተቀባዩን ገላ እንመልከት። ጫማን አንዳንድ ሰው እንደ ጌጥ ይቈጥረዋል፤ በብዙው የደጋና የወይና ደጋ አገራችን ግን ጫማ መድኃኒት ነው። ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት፥ ሕዝቡም ዝሆኔ የሚለው የእግር እብጠት የእርግማን ምልክት አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘውን ቀይ አፈር ሰው በባዶ እግሩ ለብዙ ዓመት ሲረግጠው ደቃቁ ወደ ቈዳው ዘልቆ ውስጡን ይጐዳል፤ እግሩም ያብጣል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን በኢትዮጵያ መርምረው ካስረዱት ዋነኛው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። ዛሬ በአገራችን በዚህ ሕመም የተያዙት 1.5 ሚሊዮን ያህል እንደ ሆኑ ይገመታል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን በውኃና በሳሙና የሚታጠብ ሰው ግን ከዚህ ሕመም ይጠበቃል። ሕሙማኑ ከጋብቻና ከማኅበር፥ አንዳንድ ጊዜም ከቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ይገለላሉ። በጸሎተ ሐሙስ የሕጽበተ እግርን ሥርዓት የምንፈጽም እኛ ካህናት ይህን ሰምተን ዝም ብንል ሥርዓቱ በእኛ ላይ ይመሰክርብናል።

በወላይታ ናታን ባርሎው የተባለ የሕክምና ሚሲዮናዊ በ1998 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሥራ ለሕሙማኑ እግር ማጠብን ብቻ ሳይሆን ጫማ መስፋትንም አስተማረ፤ ያበጠ እግር በገበያ ጫማ አይገባምና። እነሆ የአቤሜሌክ ጥበብ ይህ ነው፤ ጫማው እግሩን ይመስላል እንጂ እግሩ ጫማውን እንዲመስል አይገደድም።

ልብስም እንዲሁ ነው። ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን የተማርን ሰዎች ይህን አንዘነጋውም፤ አንድ ልብስ ብቻ ያለው ተማሪ ልብሱን ቢያጥብ እስኪደርቅ ራቁቱን ይቀመጣል፥ ባያጥበው ቅማል ያፈራበታል። የልብስ ቅማል ደግሞ ተስቦንና ግርሻን ያስተላልፋል። እንግዲህ ለእርሱ ሁለተኛው ልብስ ትርፍ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ለማጠብ የሚያስችለው ነው። መጥምቁ ዮሐንስ ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው እንዲያካፍል ባዘዘ ጊዜ ያዘዘው ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም በሣጥን የተቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ፥ በቤት የሚበሰብሰውም ጫማ ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ገንዘብ እንደ ሆነ አስተምሯል። የራሱን ገንዘብ ለባለቤቱ የሚመልስ ሰው ቀዳዳውን መርጦ አይመልስም።

ነገር ግን ወደ አዳራሽ ከሚመጣው ከረጢት ውስጥ ጓደኛው የጠፋበት ጫማ፥ ተረከዙ ሾጣጣ የሆነ የሰርግ ጫማ፥ ዚፑ የተበጠሰ ካፖርት፥ ያልታጠበም ልብስ ይወጣል። ይህ ምጽዋት አይደለም፤ ጥራጊን ባሕር ማሻገር ነው። በጋና በአክራ ካንታማንቶ የሚባል ታላቅ የአሮጌ ልብስ ገበያ አለ፤ ከሀብታሞች አገር ከሚደርሰው ልብስ የማይረባው በቈሻሻ መጣያና በባሕሩ ዳር ተከምሮ ይታያል። የሰጡት ሰዎች ግን ጽድቅ የሠሩ ይመስላቸዋል።

ስለዚህ ይህን እንድናደርግ እለምናለሁ። አስቀድመን የሚቀበሉትን እንጠይቅ፤ የኔታ ስንት ተማሪ እንዳላቸው፥ አገሩ ቈላ ወይም ደጋ እንደ ሆነ ሳናውቅ አንሰብስብ። ልብሱን አጥበን፥ አድርቀን፥ ቍልፉን ተክለን እንስጥ። ጫማውን በማሰሪያው ጥንድ ጥንዱን አያይዘን ቍጥሩን እንጻፍበት፤ እግር የሚሸፍንና ሶሉ የጸና ይሁን። በአገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት የተከለከለ ነውና ሀገረ ስብከቱን ሳናማክርና የጉምሩኩን ሥርዓት ሳናውቅ ምንም አንላክ። የማጓጓዣው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ የበለጠ እንደ ሆነ ገንዘቡን ልከን ጋቢው ከሸማኔው፥ ጫማውም ከአገሩ ጫማ ሰፊ ይገዛ፤ አንዱ ብር ሁለት ሰው ያለብሳልና። ለመላክ ያልተመቸው መልካም ልብስ ደግሞ በዚህ ከተማ በብርድ ለሚያድረው ጎረቤታችን ይሰጥ።

ሁለት ነገር ጨምሬ ልፈጽም። አንደኛ፥ ልብስ የሃይማኖት መግዣ አይሁን። ወንጌል በነጻ የተሰጠ ነውና ጫማ ለማግኘት ብሎ የሚጠመቅ ሰው ጫማው ባለቀ ጊዜ እምነቱም ያልቃል። ሁለተኛ፥ ተቀባዩን በሕዝብ ፊት አቁመን ፎቶግራፉን እያነሣን አናሳፍረው። የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት የአባታቸውን ዕርቃን በሸፈኑ ጊዜ ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ሄዱ እንጂ አልተመለከቱትም፤ በረከትንም ያገኙ እነርሱ ናቸው። እኛም የወገናችንን ዕርቃን ስንሸፍን ፊታችንን እናዙር።

ደብራችንን ለዚህ ቀን ያደረሰ አምላክ የሰጪውን እጅ ያበርታ፥ የተቀባዩንም ክብር ይጠብቅ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።